ወይኑ ጋጣ ጋጣ ሲሸት፦ ጭሱን ከአበላሺ እርሾ መለየት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከቀይ የወይን ፍሬ ወይን ጠጅ አዘጋጅቼ ለምግብ ቤቶች አቀርባለሁ። የዘንድሮውን 60 ሊትር ቀድሞ ጠጅ ይጣልበት በነበረ የእንጨት በርሜል ነው ያቆየሁት፤ በርሜሉን በደንብ አጥቤ በወይራ አጥኜዋለሁ። 6 ወር ሆኖታል። ከ2 ወር በፊት 20 ጠርሙስ ወደ ሸዋ ሮቢት ላክን። እዚህ ሲቀመስ ትንሽ ጭስ ጭስ ከማለቱ በቀር ደህና ነው። የሸዋ ሮቢቱ ግን የፈረስ ጋጣና የቁስል ፕላስተር ዓይነት ሽታ አመጣ ተባልን፤ ሁለቱ ጠርሙሶች ሲከፈቱም አረፋ አነሡ። እኛ መንገዱ ስለናጠው ነው ብለን ነበር። አንድ የባዮሎጂ መምህር ከበርሜሉ ጠብታ ወስደው በማይክሮስኮፕ ቢያዩት እርሾ የለውም አሉን። ላዩ ላይም ነጭ ነገር አልሠራም። የቀረውን በጠርሙስ ልሞላ ነው። አበላሺ እርሾ ገብቶበት እንደሆነ በምን ላውቅ እችላለሁ? ሜታቢሰልፋይት የሚባለውን የወይን ማቆያ ዱቄት ጨምሬ ብዘጋው አይበቃም?»

ምላሽ፦ የቀረውን ወይን ወደ ጠርሙስ አያስገቡ። ከእንጨት በርሜል የተቀዳ ቀይ ወይን ሞቃት አገር 2 ወር ቆይቶ ጋጣና ፕላስተር ሲሸት በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ብሬታኖማይሲስ፣ በአጭሩ ብሬት፣ የሚባለው እርሾ ነው። መጠርጠር ግን ማረጋገጥ አይደለም፤ በእርስዎ ጉዳይ ደግሞ በርሜሉ በወይራ መታጠኑ ምርመራውን ያወሳስበዋል። ሁለት ነገር ተለይቶ መታወቅ አለበት፦ ሽታው ከየት እንደመጣና እርሾው አሁን በሕይወት መኖር አለመኖሩ። አንዱን ማወቅ ሌላውን አያስገኝም። ሽታው እርሾው ከሞተ በኋላም ወይኑ ውስጥ ይቀራል፤ እርሾውም ምንም ሳይሸት ለወራት ሊቀመጥ ይችላል።

መንገዱ ጥፋተኛ አይደለም። መናጥ ዝቃጩን ያነሣል፣ ወይኑን ለጥቂት ቀናት ያደፈርሳል፤ አዲስ ሽታ ግን አይፈጥርም። ልዩነቱን ያመጣው ሙቀት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ሸዋ ሮቢት ጣርማበርን ወርደው ደብረ ሲናን ካለፉ በኋላ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ይህ እርሾ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያገኝ ጥሩ አድርጎ ይራባል፤ ቅዝቃዜ ውስጥ እጅግ ይዘገያል እንጂ አይሞትም። በደብረ ብርሃን ጓዳ 4 ወር ዝም ያለ ወይን ቆላ ወርዶ በ2 ወር ቢገለጥ አያስገርምም። ስለዚህ «እዚህ ደህና ነው» የሚለውን ፍርድ ብርዱ እንደሰጠው ይቁጠሩት። በርሜልዎ ውስጥ ያለው ወይን ያው ሸዋ ሮቢት የሄደው ወይን ነው።

እርሾው ሽታውን የሚሠራው እንዲህ ነው። የወይን ፍሬ ኩማሪክና ፌሩሊክ የሚባሉ አሲዶች አሉት፤ ቀይ ወይን ከነቆዳው ስለሚፈላ ከነጩ የበለጠ ይይዛቸዋል። ብሬታኖማይሲስ እነዚህን መጀመሪያ ወደ ቫይኒልፌኖል፣ ቀጥሎ ወደ ኢታይልፌኖል ይለውጣቸዋል። የመጀመሪያውን ለውጥ ተራው የወይን እርሾም በመጠኑ ያደርገዋል፤ ሁለተኛውን ግን ወይን ውስጥ በብዛት የሚያደርገው ብሬታኖማይሲስ ነው። ከኩማሪክ አሲድ የሚወጣው 4-ኢታይልፌኖል የጋጣ፣ የኮርቻ ቆዳና የፕላስተር ሽታ ሲሰጥ፣ ከፌሩሊክ አሲድ የሚወጣው 4-ኢታይልጉዋያኮል ወደ ጭስና ወደ ቅርንፉድ ያደላል። የመጀመሪያው በሊትር ከ400 እስከ 600 ማይክሮግራም ሲደርስ ብዙ ሰው ያሸተዋል፤ ይህ የአንድ ግራም ሁለት ሺኛ ገደማ ነው። «ወይኑ ደረቅ ነው፣ ስኳር የለውም» ብሎ መዘናጋትም አያዋጣም። በሊትር ከ1 ግራም በታች የቀረ ስኳር ይበቃዋል፤ እሱም ቢያልቅ ከበርሜሉ እንጨት የሚለቀቀውን ስኳርና አልኮሉን ራሱን ሳይቀር ይመገባል።

እርሾው በሽታ አምጪ አይደለም፤ ሸዋ ሮቢት የጠጡት ሰዎች በዚህ የተነሣ አይታመሙም። ዴንማርካዊው ክላውሰን እ.ኤ.አ. በ1904 በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ሲገልጸው እንዲያውም ለእንግሊዝ ቢራዎች ጠባያቸውን የሚሰጥ ተፈላጊ እርሾ አድርጎ ነበር። ለወይን ግን ጠላት ነው፤ የፍሬውን ሽታ ይሸፍናል፣ አየር ካገኘም ኮምጣጤ የሚያደርገውን አሴቲክ አሲድ ይጨምራል። የእርስዎ በርሜል 20 ጠርሙስ፣ ማለትም 15 ሊትር ያህል ተቀድቶለት ሩቡ ባዶ ሆኖ ቆሟል። ይህ ባዶ ቦታ በየቀኑ ይጎዳዎታል፤ ሌላው ሁሉ ቢቆይ ይህን ዛሬ ያስተካክሉ።

አሁን ወደ ጭሱ። በወይራ ማጠን ለጠላና ለወተት ዕቃ የኖረ፣ የተከበረ ሥራ ነው፤ የእንጨት በርሜልን ግን ከእርሾ አያጸዳም። ጭሱ የሚቀረው የእንጨቱ ፊት ላይ ሲሆን ብሬታኖማይሲስ እስከ 8 ሚሊ ሜትር ድረስ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ከዚህ በላይ ምርመራውን የሚያጣምመው ነገር የእንጨት ጭስ ራሱ ጉዋያኮልና ክሬዞል፣ በጥቂቱም እነዚያኑ የኢታይል ውሕዶች መያዙ ነው። በታጠነ ዕቃ የቆየ ወይን አሽትቶ «ብሬት ነው» ወይም «ጭስ ነው» ብሎ መማል አይቻልም፤ ውሕዶቹን በሚለካ መሣሪያ የተገኘ ቁጥር እንኳ የበርሜሉን ታሪክ ለማያውቅ ሰው ሊያሳስት ይችላል። የሚለያቸው ጊዜ ነው። የጭስ ሽታ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይገባና እዚያው ይቆማል ወይም እየሳሳ ይሄዳል፤ እርሾው የሚሠራው ሽታ ግን በሙቀት እያደገ ይሄዳል። የራስዎ ጥያቄ ውስጥም መልሱ በከፊል አለ፦ ደብረ ብርሃን የቀረውም ሸዋ ሮቢት የሄደውም ከአንድ በርሜል አንድ ዓይነት ጭስ ነው የያዙት፤ ጋጣ የሸተተው ግን የሞቀው ብቻ ነው። ስለዚህ ጭሱ ብቻውን ያንን ሽታ አላመጣም። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በታጠነ ዕቃ ጠላና ወተት ሲጠጣ የኖረ አፍንጫ ይህን ሽታ ለምዶታል፤ ስለዚህ ቅምሻው ላይ ከቤትዎ ውጭ ያሉ ሰዎችን ይጨምሩ።

ላዩ ላይ ነጭ ነገር አለመኖሩ አያጽናናዎት። ያን ሽፋን የሚሠሩት አየር የሚሹት ካንዲዳና ፒኪያ ናቸው፤ የእነሱ ሽታ የተመታ ፖም ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው። ብሬታኖማይሲስ አብዛኛውን ጊዜ ወይኑ ውስጥና ከታች ዝቃጩ አጠገብ ስለሚሆን ዓይን አያየውም። አረፋው ደግሞ ከእርሾ ምርመራ አንጻር ደካማ ምስክር ነው፦ ያልጨረሰ ስኳር በተራው እርሾ ሲፈላ፣ ባክቴሪያ ማሊክ አሲድን ወደ ላክቲክ ሲለውጥ፣ ብሬታኖማይሲስ ሲሠራ፣ በሦስቱም ጋዝ ይወጣል። ጠርሙስ ሲሞሉ ለማጣፈጫ ስኳር ወይም ማር ጨምረው ከነበረ አራተኛ ተጠርጣሪ አለ። በማር ውስጥ ብዙ ስኳርን የሚቋቋም ዛይጎሳካሮማይሲስ የሚባል እርሾ ይገኛል፤ የጠጅ በርሜልም ሊያስተላልፈው ይችላል። እሱ ቡሽ ያስፈነጥራል፣ ጋጣ ግን አይሸትም። ወይኑን ከዋጡ በኋላ ቆየት ብሎ አፍ ውስጥ የአይጥ ሽታ ከመጣ ደግሞ ጥቂት ጠብታ ወይን ከቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጋር መዳፍዎ ላይ ፈትገው ያሽቱት። አሲዱ ሲቀንስ ያ ሽታ ወዲያው ይወጣል። የአይጡን ሽታ ብሬታኖማይሲስም የላክቲክ ባክቴሪያዎችም ያመጡታል።

መምህሩ እርሾ አላየሁም ማለታቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ወይኑ እርሾ የለውም ማለት ግን አይደለም። በተራ ማይክሮስኮፕ በ400 እጥፍ አንዲት ጠብታ ሲታይ እርሾ በየዕይታው እንዲገኝ በሚሊ ሊትር መቶ ሺህና ከዚያ በላይ ሴል መኖር አለበት። ብሬታኖማይሲስ ወይንን የሚያበላሸው በሺዎች ደረጃ እያለ ነው። ጠብታው ከበርሜሉ አፍ አካባቢ ተቀድቶ ከሆነ ደግሞ ዕድሉ ይበልጥ ይቀንሳል። ማይክሮስኮፑን እንደገና መጠቀም ከፈለጉ ከበርሜሉ ሥር የተቀዳ 50 ሚሊ ሊትር በሴንትሪፊዩጅ፣ ማለትም በፍጥነት አሽከርክሮ ዝቃጩን በሚለይ መሣሪያ፣ ያሽከርክሩ ወይም ፍሪጅ ውስጥ 2 ቀን አስቀምጠው የዘቀጠውን ብቻ ይዩ፤ በ1,000 እጥፍ፣ በዘይት ሌንስ ቢሆን ይመረጣል። ብሬታኖማይሲስ ከተራው እርሾ አነስ ይላል፣ ረዘም ይላል፣ አንድ ጫፉም ሾጠጥ ያለ ይሆናል። በቅርጽ ብቻ ግን አይፈረድም፤ ወይን ውስጥ የተራበ ተራ እርሾም ያንን ሊመስል ይችላል። ሜቲሊን ብሉ ጠብ ሲደረግበት የሞተው ሴል ሰማያዊ ይሆናል፣ ሕያው ሳይቀለም ይቀራል።

ሁሉም ነገር ናሙናው ላይ ይወሰናል፤ ሰው የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው። ሜታቢሰልፋይት ከመጨመርዎ በፊት ናሙና ይውሰዱ። ሰልፋይት የነካው ሴል ሳይሞት ሊተኛ ይችላል፤ የተኛ ሴል በማብቀያ ሳህን፣ ማለትም እርሾ የሚያድግበት የረጋ ምግብ በያዘ የላብራቶሪ ሳህን፣ ላይ አይበቅልም፤ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ያታልልና ሴሉ ከወራት በኋላ ጠርሙስ ውስጥ ይነሣል። በቅርቡ ጨምረው ከነበረ ናሙናው ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆይ። አቀዳዱ ይህ ነው፦ ረጅም የመስታወት ቱቦ በፈላ ውኃ አጥበው በ70 በመቶ አልኮል ያለቅልቁ፤ ከላይ፣ ከመካከልና ከሥሩ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ 100 ሚሊ ሊትር እየቀዱ በተቀቀሉ ጠርሙሶች ለየብቻ ያስቀምጡ። በቧንቧ የሚቀዱ ከሆነ አፉን በአልኮል ጠርገው የመጀመሪያውን 200 ሚሊ ሊትር ይድፉ፤ አለበለዚያ የሚመረምሩት የቧንቧውን እድፍ ይሆናል። ከሸዋ ሮቢት ያልተከፈተ አንድ ጠርሙስም ያስመልሱ። ከሁሉም ናሙና ውድ እሱ ነው፤ እርሾው የትም ካለ እዚያ ጠርሙስ ሥር አለ።

ላብራቶሪ ለማያገኝ ሰው የሙቀት ፈተናውን ቤት ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ከሥሩ ከተቀዳው ወይን 6 ትንንሽ ጠርሙሶች እስከ አንገታቸው ይሙሉ። ሁለቱን እንዳሉ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ በሆነ ቦታ ያስቀምጡ። ሁለቱን በውኃ ውስጥ ቆመው ወይኑ 65 ዲግሪ ሲደርስ 15 ደቂቃ ያቆዩ፣ ይዝጉ፣ ያቀዝቅዙና እዚያው ሞቃት ቦታ ያኑሩ። የቀሩትን ሁለት እንዳሉ ፍሪጅ ያስገቡ። ሞቃት ቦታ ማለት ትንሽ አምፖልና ቴርሞሜትር ያለበት የተዘጋ ሳጥን ሊሆን ይችላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ካላደረጉ ፈተናው ትርጉም የለውም። ቆላ ዘመድ ያለው ሰው እዚያው ቢያስቀምጠውም ይሆናል። በ3 ሳምንት ከየዓይነቱ አንድ፣ በ6 ሳምንት ሌላውን ይክፈቱ፤ ብርጭቆዎቹን በቁጥር ብቻ ለይተው ለ5 ወይም ለ6 ሰው ይስጡና ጋጣ ወይም ፕላስተር የሚሸተው የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። «የተለየው የቱ ነው» ብለው አይጠይቁ፤ 65 ዲግሪ የሞቀው ወይን የበሰለ ፍሬ ጣዕም ስለሚያመጣ በዚያ ብቻ ሊለዩት ይችላሉ። 65 ዲግሪ ሳይሞቅ እንዳለ ሞቃት ቦታ የተቀመጠው ብቻ ከሸተተ ሕያው ነገር ሽታውን እየሠራ ነው። ሦስቱም እኩል ከሸተቱ ሽታው ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው፤ እርሾው ዛሬ መኖር አለመኖሩ ግን አልታወቀም። የዚህ ፈተና ድክመት ያ ነው፤ ደግሞም የላክቲክ ባክቴሪያን ከእርሾ አይለይም።

ቁርጡን የሚነግርዎት የማብቀያ ሳህን ነው። ማንኛውም የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ይሠራዋል፤ ከተማዎ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ስላለ እዚያ መጠየቅ ይችላሉ። ሲጠይቁ «ባክቴሪያ አለው ወይ» ብለው ሳይሆን ከዚህ በታች ያለውን በትክክል ይንገሯቸው፤ ተራ የምግብ ምርመራ በ2 ወይም በ3 ቀን ሳህኑን ስለሚጥል ብሬታኖማይሲስን ፈጽሞ አያየውም። ለ1 ሊትር ማብቀያ የእርሾ ጭማቂ 10 ግራም፣ ፔፕቶን 20 ግራም፣ ግሉኮስ 20 ግራም፣ ማርጊያ የሚሆን አጋር 20 ግራም ይገባል። ከተቀቀለ በኋላ ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ ሳይክሎሄክሲማይድ 50 ሚሊ ግራምና ክሎራምፌኒኮል 100 ሚሊ ግራም ይጨመራል። ሳይክሎሄክሲማይድ ተራውን የወይን እርሾ ሲያቆም ብሬታኖማይሲስን አያቆመውም፤ ክሎራምፌኒኮል ባክቴሪያውን ያቆማል። ሳይክሎሄክሲማይድ ለሰው መርዝ ነው፤ በተለይ ነፍሰ ጡር አትንካው። በጓንት ይያዝ፣ ኩሽና ውስጥ አይሠራ፣ «እርሾ ይገድላል» ተብሎ ወደ ወይን መቼም አይጨመር።

ስለ ከፍታው ያልተነገረው ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አውቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል የላብራቶሪ ዕቃ፣ በሌለበት ማብቀያው በግፊት ድስት ይቀቀላል። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው ከ90 እስከ 91 ዲግሪ ነው፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ባሕር ዳርቻ ላይ 121 ዲግሪ የሚያደርሰው ድስት፣ በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ እዚህ 116 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል። ስለዚህ መጽሐፍ የሚለው 15 ደቂቃ አይበቃም፤ እንፋሎቱ ከተስተካከለ በኋላ 50 ደቂቃ ያቆዩት። ያልተቀባ አንድ ሳህን ሁልጊዜ አብሮ ይቀመጥ፤ እሱ ላይ ነገር ከበቀለ የቀሩት ውጤቶች በሙሉ ይጣላሉ። ሌላ ሳህን ላይ የዳቦ እርሾ በውኃ በጥብጠው ይቀቡ፤ መብቀል የለበትም። ከበቀለ መድኃኒቱ አልሠራም።

ከየናሙናው 0.1 ሚሊ ሊትር ሳህን ላይ ይቀባል። አንድ ኮሎኒ፣ ማለትም ከአንድ ሴል ተራብቶ በዓይን የሚታይ ነጥብ፣ በሚሊ ሊትር 10 ሴል ማለት ነው። ስለዚህ ባዶ ሳህን «ከ10 በታች» ይላል እንጂ «የለም» አይልም፤ በሚሊ ሊትር 10 ሴል ደግሞ አንድ ጠርሙስ ውስጥ 7,500 ይሆናል። ወይኑ የጠራ ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፎ ማጣሪያውን ራሱን ሳህኑ ላይ ማኖር እጅግ የተሻለ ነው። ሳህኖቹ እንዳይደርቁ በላስቲክ ይጠቅለሉ፣ ይገልበጡ፣ በ28 ዲግሪ 14 ቀን ይቆዩ። በየቀኑ የወጣውን ከጀርባ በእስክሪብቶ ክበብና ቀን ይጻፉበት። እስከ 3ኛ ወይም 4ኛ ቀን ድረስ የሚወጣ ኮሎኒ ብሬታኖማይሲስ አይደለም፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ሌሎች ፈጣን እርሾዎች አሉ፣ ለምሳሌ ክሎኬራ። ከ5ኛው ቀን በኋላ የሚወጣ ትንሽ፣ ክሬም መሳይ፣ የሚያብረቀርቅ ኮሎኒ ነው የሚፈለገው። ማይክሮስኮፕ አሁን ነው በእውነት የሚጠቅመው፤ ከዚያ ኮሎኒ የተወሰደው ሴል ሾጠጥ ያለና እርስ በርሱ የተያያዘ ከሆነ ጥርጣሬው ጠነከረ። ለሽታው አፍንጫዎን ሳህን ላይ አይድፉ። ኮሎኒውን ወደ 10 ሚሊ ሊትር የተቀቀለ የወይን ጭማቂ ያዛውሩና በ10 ቀን ያሽቱት፤ ኩማሪክ አሲድ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ከተገኘ ሽታው ያለጥርጥር ይለያል። የሸዋ ሮቢቱ ጠርሙስ ሳህን እንደ ማነጻጸሪያ ያገለግላል፦ እሱ ላይ በቅሎ የበርሜሉ ላይ ተመሳሳይ ከወጣ ጉዳዩ አለቀ። ፒሲአር፣ ማለትም የእርሾውን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ፣ የሚሠራ ላብራቶሪ ከተገኘ በቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ ነገር ግን የሞተውንም ሴል ስለሚቆጥር ሰልፋይት ከገባ በኋላ ብቻውን አይታመን።

ሜታቢሰልፋይት ብቻውን አይበቃም፤ ያስፈልጋል ግን። ሽታ አያስወግድም፣ እንጨት ውስጥ የገባውን አይደርስበትም፣ ኃይሉም በፒኤች፣ ማለትም በወይኑ አሲድነት ልክ፣ ይወሰናል። እርሾውን የሚይዘው ሜታቢሰልፋይቱ ከሚለቀው ነጻ (ከወይኑ ጋር ያልተጣበቀ) ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሳይበተን የቆየው ክፍል ነው፤ ይህ በሊትር 0.8 ሚሊ ግራም እንዲሆን ፒኤች 3.4 ላይ 32፣ 3.6 ላይ 50፣ 3.8 ላይ 79 ሚሊ ግራም ነጻ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ መኖር አለበት። በመሆኑም «በበርሜል አንድ ማንኪያ» የሚባል መጠን የለም። በ4.01 እና በ7.00 ፈሳሽ የተስተካከለ የፒኤች መለኪያ ያስፈልጋል፤ የወረቀቱ አይበቃም። ለምሳሌ ፒኤቹ 3.6፣ ነጻው 10 ሚሊ ግራም ሆኖ ከተገኘ 40 ይቀራል፤ ለ45 ሊትር 1.8 ግራም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም 3.2 ግራም ፖታሲየም ሜታቢሰልፋይት ነው። በጥቂት ውኃ በጥብጠው በአንድ ጊዜ ይጨምሩት፤ ትንሽ ትንሽ እያሉ መደጋገም ጠንካራውን ዝርያ ብቻ መርጦ ያስቀራል። ከፊሉ ከወይኑ ጋር ስለሚጣበቅ በ3ኛው ቀን ነጻውን እንደገና ያስለኩ። በአዮዲን ጠብታ የሚደረገው ልኬት በቀይ ወይን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ይህን አስበው ይጠቀሙበት። ጠቅላላው በሊትር ከ150 ሚሊ ግራም አይለፍ፤ የአውሮፓ ኅብረት ለደረቅ ቀይ ወይን ያስቀመጠው ጣሪያ ነው። አስም ያለበት ሰው ዱቄቱንም ጢሱንም አይቅረብ፤ ለገዢዎችም ሰልፋይት እንዳለበት ይነገር።

ምክሬ እነሆ። ዛሬ ናሙናውን ይውሰዱ፤ በዚያው ቀን ወይኑን ከዝቃጩ ለይተው፣ ወደ ላይ ሳያንቦጫርቁ፣ ከእንጨቱ በርሜል ወደ ጠባብ አንገት የመስታወት ዕቃዎች ያዛውሩት፤ እስከ አፉ ይሙሉት፣ ሰልፋይቱን ይጨምሩ፣ በብርድ ያኑሩት። 14 ቀን ይጠብቁ። ሳህኑ ብሬታኖማይሲስ ካሳየና ወይኑ እዚህ ገና ካልሸተተ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው 0.45 ማይክሮን ወይም ከዚያ የጠበበ ማጣሪያ ነው፤ ሻሽና የቡና ማጣሪያ ወረቀት ለዚህ ምንም አያደርጉም። ማጣሪያው ከሌለ ወይኑን በጠርሙስ ሞልተው፣ ከቡሹ በታች ጥቂት ቦታ ትተው፣ በቀዝቃዛ ውኃ ጀምረው ቀስ ብለው በማሞቅ የመሐሉ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር 65 ዲግሪ ሲያሳይ 10 ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያ በዝግታ ያቀዝቅዙ። ጠርሙስ ሊሰነጠቅ፣ ቡሽም ሊገፋ ስለሚችል ፊትዎን ያርቁ። ጣዕሙ ትንሽ ይበስላል፤ በእርስዎ አቅም ግን የማዝዘው ይህንን ነው። ወይኑ ጋጣ መሽተት ከጀመረ ደግሞ አይሸጥ። ከጤነኛ ወይን ጋር መቀላቀል ጤነኛውን መበከል ነው፤ ከሰል ሽታውን ከወይኑ ጣዕም ጋር ይወስዳል፤ አረቄ ማውጣትም አይፈታውም፣ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ያልፋልና። ጌሾም ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

በርሜሉን ከመጠጥ ሥራ ያውጡት፤ ለጠጅም አይመልሱት። 85 ዲግሪ ውኃ ሞልቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ከፊቱ ያለውን ብዙውን ይገድላል፤ ውስጥ የቀረው ግን በሚቀጥለው ወይን ይመለሳል፣ የ60 ሊትር ወይን ዋጋም ለዚህ ዕድል አይሰጥም። የጎማ ቱቦዎቹንና ያገለገሉ ቡሾችን ይጣሉ። የብረትና የመስታወት ዕቃ አስቀድሞ በሶዳ ይታጠብ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰልፋይት ወይም አልኮል የሚሠራው፤ እድፍ ላይ የተደፋ መድኃኒት ከሥር ያለውን አይነካም። በረኪና ወደ እንጨትና ወደ ቡሽ አያስጠጉ፤ ክሎሪኑ የሻገተ ምድር ቤት የሚመስል ሌላ የማይለቅ ሽታ ያመጣል።

ለከርሞ ከ3 ጊዜ ያላነሰ ያስመርምሩ፦ መፍላቱ ሲያበቃ፣ ጓዳው መሞቅ ሲጀምር፣ ጠርሙስ ከመሞላቱ 3 ሳምንት በፊት። በዚያው ጊዜ ፒኤችና ቀሪ ስኳር ይለካ፤ ስኳሩ በሊትር ከ1 ግራም በላይ ከሆነ ሳህኑ ባዶ ቢወጣም ወደ ቆላ የሚሄደውን ጠርሙስ ሳያጣሩ ወይም ሳያሞቁ አይላኩ።